«ልጄ እኮ ከቤት አይወጣም»

ሰሞኑን አንዲት ጎረቤቴ «ልጄ እኮ ከቤት አይወጣም፤ ስልኩን ይዞ ክፍሉ ነው የሚውለው» አለችኝ። እፎይ ብላ ነው ያለችው። እኔን ግን አሳሰበኝ። በሩን ዘግቶ የተቀመጠ ልጅ ስልኩ ላይ ከማን ጋር እንደሚያወራ ከሳሎን ሆኖ አይታይም። ስለ ልጆችና ኢንተርኔት ከወላጆች አፍ ደጋግሜ የምሰማቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ።

«ወንድ ልጅ ምን ይሆናል?»

ሴት ልጆች ላይ ብዙ ግፍ ይደርሳል፤ እሱ እውነት ነው። ነገር ግን በእርቃን ፎቶ እያስፈራሩ ገንዘብ የሚቀበሉ ወንጀለኞች በአብዛኛው የሚያጠምዱት ከ14 እስከ 17 ዓመት ያሉ ወንዶችን መሆኑን የአሜሪካው ኤፍቢአይ ደጋግሞ አስጠንቅቋል። አካሄዳቸው ይመሳሰላል። አንዲት «ቆንጆ» ኢንስታግራም ላይ ሰላም ትለዋለች። ጥቂት ካወሩ በኋላ ወደ ሌላ መተግበሪያ ትወስደዋለች። ፎቶ ቀድማ ትልክና «አንተስ?» ትለዋለች። ልጁ እንደላከ የተከታዮቹ ዝርዝር በስክሪንሹት ይመጣለታል። እናቱ አለች፣ አክስቱ አለች፣ የክፍል ጓደኞቹ አሉ። «አሁኑኑ ካልከፈልክ ለሁሉም እልከዋለሁ።» ከዚያኛው ስልክ ጀርባ ያለው ብዙ ጊዜ ሴትም፣ ልጅም አይደለም።

«ከፍለን እንገላገል»

አንገላገልም። አንዴ የከፈለ ልጅ ደግሞ እንዲከፍል ይጠየቃል። መልስ መስጠት ይቁም። መልእክቶቹ ግን አይጥፉ፤ ማስረጃ ናቸው። አካውንቱን ሪፖርትና ብሎክ አድርጉ፣ ለፖሊስ አመልክቱ። በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ልጅን በመልእክት ወይም በምስል ለወሲብ ማግባባት ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል።

«ፎቶው አንዴ ከወጣ አለቀ»

አላለቀም። «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። ከ18 ዓመት በታች እያለ የተነሳው የእርቃን ፎቶ ያለበት ሰው ይጠቀምበታል። ፎቶው ከስልኩ አይወጣም። የሚላከው ከፎቶው የሚሠራ የቁጥር አሻራ ብቻ ነው። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ በዚያ አሻራ ፎቶውን ፈልገው ያነሱታል። አገልግሎቱ ሁሉም መተግበሪያ ላይ ግን አይደርስም።

«አንድ ነገር ካየሁ ስልኩን እሰብረዋለሁ»

እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ወንጀለኛው ልጁን የሚያስፈራራው «ለቤተሰብህ እናገራለሁ» ብሎ ነው። እኛ ደግሞ ገና ምንም ሳይፈጠር «ወየውልህ!» ብለን እንጠብቀዋለን። ልጁ በሁለት ፍርሃት መሀል ይያዛል። ስለዚህ ዝም ይላል፣ ከእናቱ ቦርሳ ብር ያነሳል፣ እንቅልፍ ያጣል። በዚህ ላይ ደግሞ በእኛ ቤት ይሉኝታው አለ፤ «ሰው ምን ይላል?»

ቀድሞ መነገር ያለበት እንዲህ ነው፦ «የፈለገውን ያህል ብትሳሳት መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ። አልመታህም። ስልክህንም አልቀማህም።» ይህን ያለ ወላጅ ቃሉን መጠበቅ አለበት። ለእናቱ የማይነግረውን ለአክስቱ ወይም ለታላቅ እህቱ የሚነግር ልጅም ብዙ ነው። «እኔን ከፈራህ ለእሷ ንገራት» ብላችሁ ሰው ምረጡለት።

«መተግበሪያው ራሱ ይጠብቀዋል»

የሚጠብቀው ዕድሜውን ካወቀ ነው። ቲክቶክ ከ13 ዓመት በታች ላሉ አይፈቀድም። ከ16 በታች የሆኑትን አካውንት ገና ሲከፈት ለሌላ ሰው ዝግ ያደርገዋል፤ በውስጥ መስመር መልእክት መለዋወጥም አይፈቅድላቸውም። እዚህ ላይ የእኛ አገር ልዩ ችግር አለ። በ2004 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ የልደት ዓመቱን «2004» ብሎ ከሞላ፣ መተግበሪያው የሚያነበው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በአንዴ 7 ወይም 8 ዓመት ይጨምርለታል። ልጁ ሳይዋሽ አዋቂ ሆኖ ይመዘገባል፣ መከላከያው ሁሉ ይነሳል። አካውንቱን የከፈትንለት እኛ ወላጆች ብንሆንም ያው ነው።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» የሚለውን ክፈቱ። ስልክ ቁጥሩን ማንም እንዳያይ አድርጉ። ግሩፕ ውስጥ የሚያስገቡት ኮንታክቱ ውስጥ ያሉ ሰዎች ብቻ ይሁኑ። ከልጁ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ፣ ስልኩን እሱ ይዞ፣ አብራችሁ አድርጉት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።