180 ሺህ ማይል የሄደች መኪና ለልጅ ስትሰጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ልጄ በመጪው ኦገስት ብላክስበርግ ኮሌጅ ትገባለች። እኛ ያለነው አሌክሳንድሪያ ነው። ሁለቱም ቨርጂኒያ ይባሉ እንጂ መሃላቸው ከአራት ሰዓት በላይ መንገድ አለ። አብዛኛው ደግሞ ከባድ መኪና በሚበዛበት ሀይዌይ 81 ላይ ነው። በ2009 የተሠራችውን ኮሮላዬን ልሰጣት መሆኑን የሰማ ሁሉ መካኒክ ሆነብኝ። ከምክሩ ግማሹ ጠቅሞኛል። ለቀረው ግማሽ እዚህ ልመልስ።

«180 ሺህ ማይል? አለቀላት በላ!»

ይህን ያለኝ ወዳጄ 220 ሺህ ማይል በሄደች መኪና ኡበር ይሠራል። 180 ሺህ ማይል በኪሎ ሜትር 290 ሺህ ገደማ ነው። ብዙ ነው፣ አልክድም። ግን በሀይዌይ ስትፈስ የኖረች መኪና እና በዲሲ ትራፊክ ስትቆም ስትነሣ የኖረች መኪና ማይላቸው እኩል ቢሆንም ድካማቸው እኩል አይደለም። አሜሪካ መንገድ ላይ ያሉት መኪኖች አማካይ ዕድሜ ራሱ ከ12 ዓመት አልፏል።

ከማይሉ ይልቅ ደረሰኞቹን አውጥታችሁ እዩ። ምን መቼ ተቀየረ? ለምሳሌ የኮሮላዬ ታይሚንግ (የሞተሩን ክፍሎች አገናኝቶ በጊዜያቸው የሚያዞረው) ሰንሰለት ነው፤ በዚህ ማይል ይቀየር የሚባል ነገር የለውም። ባለ ስድስት ሲሊንደር አሮጌ ሆንዳ ኦዲሲ ያለው ሰው ግን ያለው ቺንጋ ነው። እሱ 100 ሺህ ማይል አካባቢ ሲደርስ መቀየር አለበት። መንገድ ላይ ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞት ይሄዳል። ሲቀየር የውሃ ፓምፑም አብሮ ይቀየር፤ ያው አንዴ ተፈቷል።

«ጎማዋ ጥርስ አለው፣ ምን ጎደላት»

እኔም እንዲህ ነበር የማስበው። ጎማ ግን ሳይሄድም ያረጃል። ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ በሙቀትና በፍጥነት ይፈነዳል። ደግነቱ ዕድሜውን ራሱ ላይ ጽፎ ነው የሚዞረው። ጎኑ ላይ «ዲኦቲ» ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ካለው ቁጥር የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች ፈልጉ። 3914 ካለ በ2014 በ39ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ብዙ የመኪና አምራቾች ጎማ ስድስት ዓመት ሲሞላው ቀይሩት ይላሉ። አሥር ዓመት ያለፈውን ግን ጥርሱ አዲስ ቢመስልም እንዳትምሩት።

የእኔ አራቱ ጎማዎች ደህና ነበሩ። ከሻንጣው ሥር ያለውን ስኮርት ጎማ አውጥቼ ሳይ ግን 0409 ይላል። ከመኪናዋ ጋር እኩል የተወለደ! አንድም ቀን መሬት አልነካም። አደጋ ጊዜ ልጄ የምትተማመነው በእሱ ነበር።

ጥርሱንም ቢሆን ለኩት። የ25 ሳንቲሟን ዋሽንግተን በጭንቅላቱ ዘቅዝቃችሁ ጥርሱ መሃል አስገቡት። አናቱ ሙሉ ከታየ ለዝናብ መንገድ ጎማ የሚገዛበት ጊዜ ደርሷል።

«ራዲያተሩ ጎደለ? ውሃ ጨምርበት»

ይቺ ካገር ቤት የመጣች ናት። አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሰው በጄሪካን ውሃ ኖሮበታል። ብላክስበርግ ግን ተራራ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ጫማ በላይ። ክረምት ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል፤ ሞተር ውስጥ ሆኖ ከሰፋ ብረት ይሰነጥቃል። ከውሃ ጋር እኩል በእኩል የተቀላቀለ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ግን እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ አይረጋም። ዝገትም ይከላከላል። ጠርሙሱ ላይ 50/50 የሚል ከሆነ ቀድሞ ተቀላቅሏል፣ ሌላ ውሃ አትጨምሩበት። ሞተሩ ሳይበርድ ደግሞ ክዳኑን እንዳትከፍቱ። ለልጄ ይህን ሦስት ጊዜ ነግሬአታለሁ፤ በሦስተኛው ዓይኗን ገለበጠችብኝ።

«የካምቢዮ ዘይት ካልነካኸው አይነካህም»

ግማሽ እውነት አለበት። አሮጌ ካምቢዮ ዘይቱ ተቀይሮለት ወዲያው የሞተባቸው ሰዎች አሉ። ብዙ ጊዜ ግን ካምቢዮው ቀድሞውኑ መንሸራተት ጀምሮ ነበር፤ ሰው ዘይት የሚቀይረው ሲጨንቀው ነዋ። ደህና የሚሠራ ከሆነ በማሽን ኃይል ሳይታጠብ የድሮውን አፍስሶ አዲስ መሙላት ይበቃል። የሚንሸራተት ከሆነ ዘይት መቀየሩን ተዉትና ያቺን መኪና ለልጅ መስጠቱን ራሱ አስቡበት።

«ኢንስፔክሽን አልፋለች እኮ»

ቨርጂኒያ በየዓመቱ ይመረመራል። ሜሪላንድ ያገለገለ መኪና ባለቤት ሲቀይር ነው። ፍሬን፣ መብራት፣ ጎማ፣ መሪ ያያሉ። ካምቢዮው ስንት ዓመት ይቀረዋል፣ ሞተሩ ዘይት ይበላል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እንደ ቦሎ ነው፤ ስለዚያች ቀን ብቻ ይመሰክራል።

«ሪኮል የአዲስ መኪና ጉዳይ ነው»

ሁሉንም ብትዘሉ ይህን እንዳትዘሉ። ሪኮል ማለት አምራቹ ጉድለት ያለበትን መኪና ለጥገና መልሶ ሲጠራ ነው። ታካታ የተባለው ኩባንያ የሠራው ኤርባግ በአሜሪካ ታሪክ ትልቁ የመኪና ሪኮል ነው። ኤርባጉን የሚነፋው ዕቃ በሙቀትና በእርጥበት ብዛት እየተበላሸ ይሄዳል፤ ግጭት ሲደርስ ፈንድቶ የብረት ስብርባሪ ሰው ላይ ይረጫል። ስለዚህ መኪናዋ ባረጀች ቁጥር አደጋው ይብሳል። ከ2001 እስከ 2003 በተሠሩ አንዳንድ ሆንዳና አኩራዎች ላይ ግጭት ከደረሰ የመፈንዳት ዕድሉ እስከ 50 በመቶ እንደሚደርስ መንግሥት አስጠንቅቆ፣ ጭራሽ አትንዷቸው ብሏል። የ2009 ኮሮላም ለዚሁ ኤርባግ ተጠርታለች። የመኪናችሁን መለያ፣ ማለትም ቪን የሚባለውን 17 ፊደልና ቁጥር፣ የብሔራዊ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ (NHTSA) ድረ ገጽ ላይ አስገቡ። የታካታ ጥገና በነፃ ነው።

«በኔ ስም ናት፣ ኢንሹራንሱን ምን አገባው?»

ያገባዋል። መኪናዋ የት እንደምታድርና ማን እንደሚነዳት ካልነገራችሁት አደጋ ሲደርስ ጣጣ ነው። ውጤታቸው ጥሩ ለሆነ ተማሪዎች ብዙዎቹ ቅናሽ አላቸው፣ ጠይቁ። ርቆ ለሚማር ልጅ የሚሰጠው ቅናሽ ግን መኪናውን ቤት ትቶ ለሚሄድ ነው።

«መንዳት ከቻለች በቃ»

እኔ ቤት ትልቁ ክርክር ይህ ነበር። እናቷ «ቢበላሽ ትደውላለች» አለች። ለማን? እኔ አራት ሰዓት ርቄ ነው ያለሁት። ግቢ ውስጥ ሁለት ሳምንት የቆመች መኪና ባትሪዋ ሊወርድ ይችላል። የባትሪ ካቦ አገጣጠም አሳየኋት። ጎማ እንድትፈታ አደረግኩ፤ ብሎኑን በእግሯ ቆማበት ነው ያላቀቀችው። ሞተር የሚለው መብራት በርቶ ከቆመ ቀጠሮ ትይዛለች፣ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ዳር ይዛ ትቆማለች።

ባለፈው ቅዳሜ ኮፈኑን ራሷ ከፈተች። የዘይት መለኪያዋን አወጣች፣ ጠረገች፣ መልሳ ከትታ አወጣች።

«የት ጋ ነው?» አልኳት።

«ከታችኛው ነጥብ ትንሽ ከፍ ብሎ።»

ግማሽ ሊትር ጨመረችና ትንሽ ጠብቃ፣ እኔ ሳልነግራት፣ እንደገና አየች።