በኦሪት የነገድ ቆጠራ ምንድን ነው? ቁጥሩስ ለምን?

ኦሪት ዘኍልቍን ከፍቶ ምዕራፍ አንድ ላይ ያላዛጋ ካለ እጁን ያውጣ። ሮቤል 46,500፣ ስምዖን 59,300፣ ይሁዳ 74,600 እያለ ይቀጥላል። እኔም ለዓመታት ዘልዬው በቀጥታ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ወደምትናገረው የበለዓም አህያ ነበር የምሄደው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እስራኤል ከግብፅ በወጡ በሁለተኛው ዓመት፣ ሲና ምድረ በዳ ላይ፣ ሙሴ ሕዝቡን በነገድ በነገድ እንዲቆጥር ታዘዘ። ሃያ ዓመት የሞላውና ለጦርነት የሚወጣ ወንድ ብቻ ይቆጠራል። ሌዋውያን አይገቡም፤ እነሱ ለማደሪያው ድንኳን አገልግሎት ተለይተዋል። ድምሩ 603,550 ሆነ። የወታደር ምዝገባ ይመስላል፣ ነውም።

ግን ዕብራይስጡ ቃል በቃል «ራሳቸውን አንሡ» ነው የሚለው፤ እኛ አንገቱን የደፋን ሰው «ቀና በል» እንደምንለው። እነዚህ ሰዎች እኮ ትናንት ባሪያ ነበሩ! ግብፅ ውስጥ በየቀኑ የሚቆጠረው ጡባቸው ነበር፣ ጎደለ ተብሎ የሚገረፉትም በጡቡ ቁጥር። አሁን ግን እያንዳንዱ በአባቱ ቤት፣ በስሙ እየተጠራ ይመዘገባል።

ቃሉ ታዲያ ሌላም ፊት አለው። ዮሴፍ እስር ቤት ሳለ የፈታውን ሕልም አስታውሱ። ፈርዖን የጠጅ አሳላፊውን ራስ አነሣ፣ ወደ ሹመቱ መለሰው። የእንጀራ አበዛውንም ራስ አነሣ፣ ሰቀለው። መቆጠርም እንደዚያው ነው፤ ያከብራል፣ ያጠፋልም።

ለዚህ ነው ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 30 የሚቆጠር ሁሉ መቅሠፍት እንዳይመጣበት ግማሽ ሰቅል (ሰቅል የብር መመዘኛ ነው) የነፍስ ቤዛ ይስጥ የሚለው። ሀብታም አይጨምርም፣ ድሃም አያጎድልም። እኔ በጣም የምወደው ግን ብሩ የት እንደገባ ነው፦ ከተሰበሰበው መቶ መክሊቱ (መክሊት ትልቅ የክብደት መለኪያ ነው) ቀልጦ ማደሪያው የሚቆምባቸው መቶ እግሮች ተሠሩበት። ድሃው የሰጠው ግማሽ ሰቅል ከሀብታሙ ጋር ቀልጦ አንድ ላይ ድንኳኑን ተሸክሟል።

ዳዊት ሲቆጥር ግን ሌላ ታሪክ ሆነ። ለደም ግድ የሌለው የጦር አለቃው ኢዮአብ እንኳ «ጌታዬ ይህን ለምን ወደደ?» ብሎት ነበር። ዘጠኝ ወር ከሃያ ቀን ፈጀ፣ ከዚያ ቸነፈር መጣና 70,000 ሰው አለቀ። መጽሐፈ ሳሙኤል ጥፋቱ ምን እንደነበር ዘርዝሮ አይነግረንም። በእኔ አረዳድ ሙሴ የቆጠረው የእግዚአብሔርን ሕዝብ ነው፤ ዳዊት ግን የራሴ ብሎ ቆጠረ፣ ቤዛ ሲከፈልም አናነብም። አይሁድ እስካሁን ሰውን በቁጥር መቁጠር ይጠነቀቃሉ፤ ለጸሎት የሚያስፈልጉት አስር ሰዎች መሟላታቸውን ለማወቅ ቃላቱ በዕብራይስጥ አስር የሆነ የመዝሙር ጥቅስ ለየሰው አንድ አንድ ቃል እያሉ ያዳርሳሉ።

ከምድረ በዳው ዘመን በኋላ በሞዓብ ሜዳ እንደገና ተቆጠሩ፦ 601,730። ስምዖን ወደ 22,200 ወርዷል። ከመጀመሪያዎቹ ተቆጣሪዎች የቀሩት ካሌብና ኢያሱ ብቻ ናቸው። ምድሪቱ የምትከፈለውም በዚህ ቁጥር ነበር፤ ስለዚህ ወንድ ልጅ ያልወለደው ሰለጰዓድ ስሙ ሊጠፋ ሆነ። ሴቶች ልጆቹ ሙሴ ፊት ቀርበው ተሟገቱ፣ ርስቱንም አገኙ። የአምስቱም ስም እዚያው ቆጠራው መሀል ተጽፏል፦ ማህለህ፣ ኑዓ፣ ዔግላ፣ ሚልካ፣ ቲርጻ።