የእሳት አደጋ ጥንቃቄና ስልጠና በሰሜን ሸዋ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ እሳት ሲነሳ ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ነው፣ ቀዩ መኪና ከመጣም ቆይቶ ነው የሚመጣው። ስለ እሳት አደጋ ስልጠና ሲወራ መነሻው እዚህ ጋ መሆን አለበት። ሰሜን ሸዋ ስል የአማራ ክልሉን ዞን ማለቴ ነው፣ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን የሆነውን (በፍቼ በኩል ያለው የኦሮሚያው ሰሜን ሸዋም ብዙው ነገሩ ይመሳሰላል)። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ከፍታዋ ከ2,800 ሜትር አይወርድም። መንገዱ ከዛ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣና ጣሊያን በቆፈረው ዋሻ አልፎ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፣ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ደግሞ 1,300 ሜትር አካባቢ ቆላ ነህ። የመንዝና የመርሃ ቤቴ ገጠር ቀበሌዎች ጋ ለመድረስ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ገና ብዙ መሄድ አለ። እንዲህ ባለ አገር "እሳት አደጋ ጋ ደውሉ" ብቻ ብሎ ማስተማር ግማሽ ትምህርት ነው።

ደጋው ላይ ከእሳት ጋር ሰውን የሚያጣላው ብርዱ ነው። በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ ሲጥል ሰው ማታ ከሰል አቀጣጥሎ ማንደጃውን ወደ መኝታ ክፍል ያስገባል፣ በሩን ይዘጋል፣ ብርድ እንዳይገባ የበሩን ስር በጨርቅ ይወትፋል። እዚህ ላይ ነበልባል ሳይታይ ሰው ይሞታል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ደም ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ጥንካሬ ስለሚይዘው ሰውነት አየር እየሳበ ኦክስጅን ያጣል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ነው፣ የተኛ ሰው ግን ምልክቱንም አያውቀውም። ብዙ ሰው "ከሰሉ ጭሱ ወጥቶ ፍም ከሆነ ችግር የለውም" ብሎ ያምናል፣ ይሄ እምነት ነው ሰው የሚገድለው፣ ምክንያቱም ፍሙ ጭስ ባይኖረውም ጋዙን መልቀቁን አያቆምም። ስልጠና ላይ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ሂዱ ቢባል ይሄን ነው የምመርጠው፦ ከመተኛት በፊት ማንደጃው ደጅ ይውጣ። ቤት ገብቶ ሰው ወድቆ ያገኘ ደግሞ በርና መስኮት በርግዶ ሰውየውን ወደ ንጹህ አየር ያውጣ፣ እዛው ቁጭ ብሎ ውሃ መርጨትና ሎሚ ማሽተት ጊዜ ማጥፋት ነው።

ገጠሩ ጋ ነገሩ ሌላ ነው። የሳር ክዳን ቤት፣ ከጓሮው የተቆለለ ኩበት፣ አጠገቡ የገብስና የጤፍ ጭድ፣ ከዛ አለፍ ብሎ ጋጣ፣ ሁሉም እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚቆሙት። ከምድጃ የተነሳ አንድ ብልጭታ ክዳኑ ላይ ካረፈ ንፋስ ባለበት ቀን ቤቱን ማዳን ከባድ ነው፣ ስለዚህ የሚታሰበው ሰውና ከብት ማውጣት፣ ቀጥሎ ከነፋሱ በታች ያሉትን ቤቶች ማዳን ነው። ክዳኑን በእርጥብ ከረጢት መሸፈን፣ ብልጭታውን የሚጠብቅ ሰው ማቆም፣ ካልሆነም መሃል ላይ ያለውን ክምር አፍርሶ ክፍተት መፍጠር። ህዳርና ታህሳስ አጨዳና ውቂያ ስለሆነ የዓመቱ ልፋት አውድማ ላይ ነው ያለው፣ እዛ ላይ ህዳር 12 ህዳር ሲታጠን ይመጣል። በ1911 ዓ.ም. ከገባው የህዳር በሽታ ጊዜ ጀምሮ የመጣው ቆሻሻ አውጥቶ የማቃጠል ልማድ ከተማ ውስጥ ጭስ ብቻ ነው የሚመስለው፣ ገጠር ግን ክምር ባለበት ሰፈር ንፋስ ሳያዩ መለኮስ ትልቅ አደጋ አለው። ክምርና ክምርን ማራራቅ፣ ክምርን ከቤት ማራቅ፣ አውድማ አካባቢ ሲጋራም ሆነ እሳት አለማስጠጋት፣ ይሄ ሁሉ ሽልንግ አያስወጣም።

የኛ አገር ትልቁ ሀብት ግን እሪታው ነው። "እሳት! የሰው ያለህ!" ከተባለ ማንም ቤቱ አይቀመጥም፣ ባልዲ የያዘው ባልዲ፣ አካፋ ያለው አካፋ ይዞ ይሮጣል። ችግሩ ይሄ ሁሉ ሰው የሚሮጠው ሳይለማመድ ነው። አንዱ የኤሌክትሪክ እሳት ላይ ውሃ ይደፋል፣ ሌላው በሩን በርግዶ ለእሳቱ አየር ይሰጠዋል፣ ሌላው ቴሌቪዥን ላውጣ ብሎ ጭስ ውስጥ ይገባና አይወጣም። እሳት ሙቀት፣ የሚቃጠል ነገርና ኦክስጅን ነው የሚፈልገው፣ ከሶስቱ አንዱን ከነሳኸው ይጠፋል፣ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውም ለዚህ ጊዜ ነው። ጭስ ውስጥ ያለ ሰው ጎንበስ ብሎ ወይም ተድሆ ይውጣ፣ ንጹህ አየር የሚቀረው ወለሉ አጠገብ ነው። የተዘጋ በር ከመክፈት በፊት በእጅ ጀርባ ይነካ፣ የሚፋጅ ከሆነ አይከፈት። ልብሱ የተያያዘ ሰው አይሩጥ፣ ይተኛና ይንከባለል፣ ወይ ባና ይጠቅለልበት። መንዝ የሚሰራው ከበግ ጸጉር የሆነው ባና እዚህ ላይ ጥሩ መሳሪያ ነው፣ ሱፍ በቀላሉ አይያያዝም፣ ቢያያዝም ቶሎ ይጠፋል፣ የፖሊስተር ብርድ ልብስ ግን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ልምምዱ በተግባር መሆን አለበት፣ በፖስተር አይሆንም። ግማሽ በርሜል ውስጥ ውሃና ትንሽ ናፍጣ ተደርጎ እሳት ይለቀቅበታል፣ የእድር አባላቱ ተራ በተራ የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደሩን ይዘው ይቀርባሉ። ስልጠና ላይ ቆሞ ላየ ሰው መጀመሪያ የሚታየው ነገር ብዙ ሰው ፒኑን ሳይነቅል እጀታውን መጨመቁ ነው፣ ፒኑ ደግሞ በቀጭን ፕላስቲክ ታስሯል፣ እጀታውን እየጨመቅክ ፒኑን ብትስበው ይነክሳል እንጂ አይወጣም፣ ሰውም "ተበላሽቷል" ብሎ ይጥለዋል። እጅን ከእጀታው አላልቶ ፒኑን አዙሮ መንቀል፣ ጫፉን ወደ እሳቱ ስር (ወደ ነበልባሉ አናት ሳይሆን) ማነጣጠር፣ መጨመቅ፣ ከዛ ከግራ ወደ ቀኝ ማጥረግ። ባለ 6 ኪሎው የፓውደር ማጥፊያ ሃያ ሰከንድ እንኳ በደንብ አይሞላም፣ ስለዚህ ነፋስን ከጀርባ አድርጎ፣ መውጫ በርን ከኋላ ይዞ መጀመር ነው፣ በሱ ካልጠፋ ወጥቶ በር መዝጋት። የጌጁ (የግፊት መለኪያው) ቀስት አረንጓዴው ላይ መሆኑን በየወሩ ማየት ደግሞ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ከተማው ውስጥ ሁለቱ ትልልቅ ነገሮች ጋዝና ኤሌክትሪክ ናቸው። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ስለዚህ ሲያፈስ ወለል ላይ ነው የሚተኛው፣ አልጋ ስር ምድጃ አጠገብ ይሰበሰባል። ሽታ ከመጣ መብራት ማብራትም ማጥፋትም ክልክል ነው፣ ማብሪያው ራሱ ብልጭታ አለው፣ ቫልቩን ዘግቶ በርና መስኮት ከፍቶ መውጣትና ስልክም ከውጪ ሆኖ መደወል። ማፍሰሱን ለመፈተሽ ክብሪት የሚጭር ሰው አሁንም አለ፣ የሳሙና አረፋ መቀባት በቂ ነው፣ አረፋው ከተነፋ ያፈሳል ማለት ነው። ዘይት ድስት ውስጥ ከተያያዘ ውሃ አይነካውም፣ አንድ ሊትር ውሃ እንፋሎት ሲሆን 1,700 ሊትር ገደማ ስለሚሆን የሚነደውን ዘይት ወደ ፊት ይረጨዋል፣ ምድጃውን አጥፍቶ ድስቱን በክዳን መክደን ብቻ። የኤሌክትሪኩ ደግሞ ሰው ሁሉ "ኮንታክት ነው" ብሎ ያልፈዋል እንጂ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሚታወቅ ነው፣ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3 ኪሎዋት አልፎ ስለሚስብ በቀጭን ኤክስቴንሽን ላይ ከምድጃና ከፍሪጅ ጋር ሲሰካ ሽቦው ይግላል፣ ሶኬቱ ይጠቁራል፣ ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወድቅ ሰው በትልቅ ብሬከር ይቀይረዋል፣ ያኔ ማስጠንቀቂያው ጠፋ ማለት ነው።

ደብረ ብርሃን አሁን የፋብሪካ ከተማ ሆናለች፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካው የቆየ ነው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩም ተጨምሯል፣ ብዙ ወጣት ሴቶች ጨርቅ ላይ ነው የሚሰሩት። እ.ኤ.አ. በ1911 ኒው ዮርክ በትራያንግል ልብስ ፋብሪካ 146 ሰራተኞች ያለቁት አንዱ መውጫ በር ተቆልፎ ስለነበረ ነው። በስራ ሰዓት መውጫ በር አይቆለፍም፣ ካርቶንም አይደረደርበትም፣ ሰራተኛውም በጨለማ መንገዱን እስኪያውቅ ድረስ በዓመት ደጋግሞ መለማመድ አለበት። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሰሪው ሰራተኛውን ስለ ስራው አደጋና ስለ ጥንቃቄው እንዲያስተምር ያስገድደዋል። ይሄን መጠየቅ መብት ነው፣ ማንም ሰራተኛ ሊፈራው አይገባም።

አሁን ወደ እሳት አደጋ ሰራተኞቹ። ሰው የማያስበው ነገር ከፍታው ራሱ ስራቸውን ያከብደዋል። ፓምፕ ከወንዝ ውሃ የሚስበው የአየር ግፊት ስለሚገፋለት ነው፣ ባህር ጠለል ላይ በንድፈ ሃሳብ 10.3 ሜትር ሊስብ የሚችለው ደብረ ብርሃን ላይ 7 ሜትር ገደማ ላይ ያበቃል፣ በተግባር ደግሞ ከዛም ያንሳል። ስለዚህ ከበሬሳ ወንዝ የት ቦታ ላይ መኪና ቆሞ መሳብ እንደሚቻል ቀድሞ በልምምድ መለየት አለበት፣ በእሳት ሰዓት አይሞከርም። ሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል፣ ሰውየውም ከቆላ ገና የመጣ ከሆነ ቶሎ ይደክማል። አሜሪካ ውስጥ ስራ ላይ እያሉ ከሚሞቱት የእሳት አደጋ ሰራተኞች ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ቃጠሎው ሳይሆን ልብ ነው፣ ስለዚህ የአካል ብቃትና የጤና ምርመራ የስልጠናው አካል እንጂ ተጨማሪ ነገር አይደለም።

ቤት ውስጥ መግባት ደግሞ ያለ መተንፈሻ መሳሪያ መሆን የለበትም። የአየር ሲሊንደሩ ግማሽ ሰዓት ይላል ቢባልም እየሰራ የሚተነፍስ ሰው ከዛ በፊት ይጨርሰዋል፣ አየሩ ሊያልቅ ሲል ፊሽካው ሲጮህ መውጣት እንጂ "ትንሽ ልቆይ" የለም። ሁልጊዜ ሁለት ሆኖ መግባት፣ ውጪ ሌላ ሁለት ተዘጋጅቶ መቆም፣ ማን በስንት ሰዓት እንደገባ የሚጽፍ ሰው መኖር። በጭስ ውስጥ አይን አይሰራም፣ በአንድ እጅ ግድግዳ እየነኩ መሄድና በዛው እጅ መመለስ ነው፣ ይሄ ጭንብሉ ተሸፍኖ ባዶ ክፍል ውስጥ ደጋግሞ መለማመድ ይፈልጋል። ክፍሉ ጣሪያ ስር 600 ዲግሪ ሲጠጋ ያለው ነገር በሙሉ ባንዴ ይያያዛል፣ ጭሱ ሲወፍር፣ ሲፈጥንና ዝቅ ሲል ማየት የሚችል ሰራተኛ ነው በህይወት የሚወጣው። ከስራ በኋላም ልብሱ ይታጠብ፣ የጠቆረ ጃኬት የጀግንነት ምልክት አይደለም፣ የአለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 የእሳት አደጋ ስራን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። እነዚህ ልጆች ለኛ ብለው የሚገቡ ናቸው፣ ጓንትና ጭንብል ማሟላት የኛ ግዴታ ነው።

ደሴ መንገድ ላይ የሚያሳስበኝ ሌላው ነገር ቦቴ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ነዳጅ የጫነ ተሽከርካሪ ቢገለበጥ ሰው ጀሪካን ይዞ እንዳይሮጥ አስቀድሞ መነገር አለበት። ፓኪስታን ባሃዋልፑር እ.ኤ.አ. በ2017፣ ሴራሊዮን ፍሪታውን ደግሞ በ2021 በዚሁ ምክንያት የፈሰሰ ቤንዚን ሲቀዱ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ተቃጥለዋል። የቤንዚን ትነት በደጋ ብርድም ቢሆን ይያያዛል፣ ቁልቁል ስለሚሄድም እሳቱ ከቦቴው ሩቅ ካለ ሻይ ቤት ሊነሳ ይችላል። መራቅ፣ ከላይ በኩል መቆም፣ መኪና ማስቆም።

ጫካውም አለ። ወፍ ዋሻ ጥዱና ዝግባው፣ ጓሳ ደግሞ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለው የመንዝ ሳር፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ያሉበት። ጓሳን ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ደንብ እየዘጋ እየከፈተ ጠብቆ አቆይቶታል፣ ስለዚህ እዛ አካባቢ ሰውን ማስተባበር አዲስ ትምህርት አይደለም። ሊጨመር የሚገባው ደህንነቱ ነው፦ እሳት ዳገት ሲወጣ በየ10 ዲግሪው ተዳፋት ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል፣ ስለዚህ ከእሳቱ በላይ ቆሞ ማጥፋት መሞት ነው፣ ከጎን እየመጡ በተቃጠለው በኩል መቆም ይሻላል፣ መሸሻ መንገድም ከመጀመሩ በፊት ይታይ። የሰሜን ተራሮች በ2011 ዓ.ም. ሲቃጠል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ባለሙያ መጥቶ ነበር፣ እስከዛ ግን በቅጠልና በአፈር ሲታገል የነበረው ገበሬው ነው። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ተፈናቅለው በሸራ ውስጥ ያሉ ወገኖቻችንም መረሳት የለባቸውም፣ ድንኳንና ድንኳን መሃል ቢያንስ 2 ሜትር፣ በየ300 ሜትሩ 30 ሜትር ባዶ ቦታ እንዲተው የሰብአዊ እርዳታ መመዘኛው ይላል፣ ማብሰያውም ከድንኳኑ ውጪ በጋራ ቢሆን ይመረጣል።

ስልክን በተመለከተ፣ 939 የአዲስ አበባው ነው፣ የራስህን ከተማ ቁጥር ቀድመህ ጽፈህ በር ላይ ለጥፍ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ስትደውል የቤት ቁጥር ስለማይኖር ቤተክርስቲያኑን፣ ወፍጮ ቤቱን ጠቅሰህ ተናገር፣ ምን እንደሚቃጠል፣ ውስጥ ሰው መኖሩን ጨምር፣ አንድ ልጅ ደግሞ ዋናው መንገድ ላይ ወጥቶ መኪናውን ይምራ። የተቃጠለ ሰው ላይ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ሊጥ አይቀባም፣ ለ20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ (በረዶ አይሆንም)፣ ቀለበትና ጠባብ ልብስ ሳያብጥ ማውለቅ፣ በንጹህ ጨርቅ መሸፈን፣ ቆዳ ላይ የተጣበቀውን ጨርቅ አለመንቀል፣ ደጋ ላይ ስለሆንን ቀሪውን ሰውነት በጋቢ ማሞቅ፣ ከዛ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ደብረ ብርሃን ሐኪም ግዛው ሆስፒታል፣ ከበድ ያለው ቃጠሎ ደግሞ አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል አለው።