የአንድን ሥዕል ሌየሮች በፕለጊን መለየት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሌየር ማለት አንዱ በሌላው ላይ የሚደራረብ የዲጂታል ሥዕል ንብርብር ነው። ባለ ሌየሩ ፋይል ጠፍቶ ጄፔጉ ብቻ ሲቀር፣ ወይም ተሥሎ ያለቀ ገጸ ባሕርይ እንዲንቀሳቀስ ሲፈለግ መጀመሪያ የሚታሰበው ፕለጊን፣ ማለትም በሥዕል ፕሮግራም ላይ የሚጫን ተጨማሪ መሣሪያ ነው። ፕለጊኖቹ አሰልቺውን ሥራ በእርግጥ ያቃልላሉ። ስለ ችሎታቸው የሚወራው ግን በሁለቱም በኩል የተዛባ ነው፤ የማይችሉትን ይችላሉ፣ የሚችሉትን ደግሞ አይችሉም ይባላል።

«ፕለጊኑ የጠፉትን ሌየሮች መልሶ ያወጣቸዋል»

የሚወጣ ነገር የለም። ሥዕል በጄፔግ ወይም በፒኤንጂ ሲቀመጥ ለእያንዳንዱ ፒክስል የሚመዘገበው በመጨረሻ የታየው ቀለም ነው። ፒኤንጂ አሳላፊነትን ይይዛል እንጂ ሌየርን አይዝም፤ ጄፔግ ሁለቱንም አይዝም። በፀጉሩ ሥር የነበረው ግንባር ፋይሉ ውስጥ አልተደበቀም፤ ጭራሽ አልተጻፈም።

ስለዚህ ፕለጊኑ የሚሠራው ምደባ ነው፦ ይህ ፒክስል የፀጉር፣ ያኛው የፊት። ሜታ በ2023 ያወጣው «ሴግመንት ኤኒቲንግ» የተባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት 11 ሚሊዮን ምስሎችና ከ1 ቢሊዮን በላይ ማስኮች (የአንድን ነገር ቦታ ብቻ የሚያመለክቱ ቅርጾች) ቀርበውለት የሠለጠነ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚመልሰው ማስክ ነው። ከማስኩ ጀርባ ምን እንዳለ አይናገርም። ፀጉሩን ወደ ጎን ስትጎትቱት ቀዳዳ ይታያል። ቀዳዳውን ወይ እናንተ ትሥሉታላችሁ፣ ወይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይገምተዋል። ግምቱ አንዳንዴ ያምራል፤ ሠዓሊው የሣለው ግን አይደለም። ሥዕሉ ለአኒሜሽን ከሆነ ደግሞ የዓይኑ ነጭ ከሽፋሽፍቱ ሥር፣ አንገቱም ከአገጩ ሥር ሙሉ መሆን አለበት። ብዙውን ጊዜ የሚበላው ይህን የተሸፈነውን መሣል ነው፤ መቁረጡ ቀላሉ ነው።

«በቀለም መለየት ማለት በአካል ክፍል መለየት ማለት ነው»

ከፕለጊኖቹ አንዳንዶቹ የሚያዩት ቀለምን ብቻ ነው፤ ተቀራራቢ ቀለም ያላቸውን ፒክስሎች ሰብስበው በአንድ ሌየር ያስቀምጣሉ። ውጤቱ ነጭ ሸሚዝ፣ የዓይን ነጭና ነጭ ባክግራውንድ አንድ ላይ የገቡበት ሌየር ነው። አንዱ ቀይ ቀሚስ ደግሞ ጥላ ስላረፈበት ብቻ ሦስት ቦታ ይከፈላል። ቀለሙን በጅምላ ለመቀየር ይህ ዓይነቱ አከፋፈል ምቹ ነው። እጅን ከትከሻ ለይቶ ለማወዛወዝ ግን አይጠቅምም። ሌሎቹ ፕለጊኖች መስመርን ተከትለው የተከበበ ቦታ ይፈልጋሉ፤ ከመጫናችሁ በፊት የትኛው ዓይነት እንደሆነ እዩ።

ጄፔግ ላይ ይህ ይብሳል። ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ካሬዎች ከፋፍሎ ስለሚጨምቅ፣ ለዓይን አንድ ወጥ የሚመስለው ሙሌት በመስመሮቹ አካባቢ ብዙ ጥቃቅን ቀለሞች ይይዛል። በቀለም የሚለየው ፕለጊን እነዚህን እንደ እውነተኛ ቀለም ይቆጥራቸዋል።

«ለሕትመት ቀለም መለያየትም ያው ሌየር መለየት ነው»

አይደለም። ሥዕልን ወደ ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር መክፈል ቻናል፣ ማለትም የአንድ ቀለም መጠን ብቻ የሚይዝ ምስል፣ ይሰጣል። እያንዳንዱ ቻናል ሙሉውን ሥዕል ይዟል፤ ፀጉሩ አራቱም ላይ አለ።

«በጠርዙ ላይ የሚቀረው ነጭ ክር የመጥፎ ፕለጊን ምልክት ነው»

ብዙ ፕለጊን ያለ ጥፋቱ የሚወቀሰው በዚህ ነው። ብሩሹ የመስመሩን ጠርዝ ሲያለሰልስ፣ ማለትም አንቲ አሊያሲንግ ሲሠራ፣ ጠርዙ ላይ ያለው ፒክስል የሁለት ቀለም ድብልቅ ይሆናል። ጥቁር መስመር ነጭ ላይ ካረፈ ከ0 (ጥቁር) እስከ 255 (ነጭ) ባለው መለኪያ በመካከላቸው 128 አካባቢ የሆነ ግራጫ ይገኛል፤ ግማሹ የመስመሩ፣ ግማሹ የወረቀቱ። ለየትኛውም ሌየር ብትሰጡት የሌላውን ግማሽ ይዞ ይሄዳል። ሌየሩን ጨለማ ባክግራውንድ ላይ ስታሳርፉት ያ የወረቀት ግማሽ ክር ሆኖ ይወጣል።

በስሌት ሲታይ፣ ስለ አንድ ፒክስል የምናውቀው ሦስት ቁጥር ነው፦ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። የምንፈልገው ግን ሰባት ነው፦ የፊተኛው ቀለም ሦስት፣ የኋለኛው ሦስት፣ የአሳላፊነቱ መጠን አንድ። ሦስት እኩልታ ሰባት ያልታወቁ ቁጥሮችን አይፈታም፤ የትኛውም ፕለጊን ቀሪውን ከጎረቤት ፒክስሎች ይገምታል። በአንጻሩ መስመሩ ጥቁር፣ ወረቀቱ ነጭ መሆኑ አስቀድሞ ከታወቀ የሚቀረው ያልታወቀ ቁጥር አንድ ብቻ ነው። ጂምፕ በተባለው የሥዕል ፕሮግራም ያለው «ከለር ቱ አልፋ»፣ አንድን ቀለም ወደ አሳላፊነት የሚቀይረው መሣሪያ፣ እንዲህ ካለ ሥዕል ንጹሕ መስመር የሚያወጣው ለዚህ ነው።

የኮሚክ ቀለም ሠሪዎች ግን ችግሩን ከመፍታት ይልቅ ያልፉታል። ቀለሙን መስመሩ ጫፍ ላይ አይቆርጡትም፤ በመስመሩ ሥር ያስገቡታል። ለዚህ ተብለው የተሠሩ የፍላቲንግ ፕለጊኖች አሉ፦ በመስመር የተከበበውን እያንዳንዱን ቦታ በተለያየ ቀለም ይሞላሉ፣ ከዚያ ቀለሞቹን በመስመሩ ሥር እስኪገናኙ ይዘረጓቸዋል። መስመሩ ከላይ ስለሚቀመጥ መጋጠሚያው አይታይም። በእኔ ግምት መስመር ላለው ሥዕል ከየትኛውም ብልጥ መቁረጫ ይህ ይሻላል። መስመር ለሌለው፣ በብሩሽ ብቻ ለተሠራ ሥዕል ግን ምንም አይፈይድም።

«መስመሩን መልቲፕላይ ካደረግኩት ተለይቷል»

መልቲፕላይ፣ ማለትም የሌየሩን ቀለም ከሥሩ ካለው ጋር የሚያባዛው ሞድ፣ ነጩን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ አያጠፋውም። ሌየሩ አሁንም ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ነው። መስመሩን ቡናማ ለማድረግ አሳላፊነቱን ቆልፋችሁ ቀለም ብታፈሱ ወረቀቱም አብሮ ቡናማ ይሆናል።

«መስመሩ ክፍተት ካለው ፕለጊን አይሠራም»

ድሮ እውነት ነበር። በጂምፕና ክሪታ በተባለው ሌላ የሥዕል ፕሮግራም ላይ የሚጫነው ጂሚክ የተባለው ፕለጊን ያልተዘጉ መስመሮችን ጫፍ ፈልጎ፣ አቅጣጫቸውን አይቶ ያገናኛቸዋል። ጂምፕ ራሱ በ2019 በወጣው 2.10.10 ተመሳሳይ ዘዴ ወደ ባኬት ፊል (የተከበበ ቦታን በቀለም ወደሚሞላው መሣሪያ) አስገብቷል። ክሪታም ከ4.0 ጀምሮ ለዚሁ የሚሆን ከለራይዝ ማስክ የተባለ መሣሪያ አለው። ጂምፕ ላይ ሊዘጋ የሚችለው ክፍተት ርዝመት ይስተካከላል፤ ከልክ በላይ ካስረዘማችሁት ግን ክፍት ሆነው መቅረት የነበረባቸው የፀጉር ዘለላዎችም ተዘግተው ይቆራረጣሉ።

«ጥላ ከቀለም ጋር አንዴ ከተቀላቀለ አይለይም»

ይህኛው ተስፋ መቁረጥ ያለቦታው ነው። የመሠረቱ ቀለም አንድ ወጥ ከሆነና ከታወቀ ጥላው በማካፈል ይገኛል። ቆዳው 200፣ ጥላ ያረፈበት 120 ከሆነ፣ 120 ለ200 ሲካፈል 0.6 ይሆናል፤ ይህም ከ255 ውስጥ 153 ነው። 153 የሆነ ግራጫ በመልቲፕላይ 200 ላይ ብታስቀምጡ ተመልሶ 120 ይሰጣል። ስሌቱ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ለየብቻ ይሠራል፤ ፎቶሾፕም ጂምፕም ለዚህ የሚሆን ዲቫይድ ሞድ አላቸው። ብርሃን ያረፈበት ቦታ ግን ከመሠረቱ ስለሚደምቅ ውጤቱ ከ1 ይበልጣል፤ መልቲፕላይ ደግሞ ማድመቅ አይችልም። እሱን በሌላ ሌየር፣ በሚያደምቁት የስክሪን ወይም የአድ ሞድ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።