«ጠቅ ብሏል እኮ!» ስለ መኪና ቀበቶና ስለ ልጆች የሚነገሩ ስህተቶች

የኋላ ወንበር ቀበቶ ለማየት ሳጎነብስ ባለመኪናው ይቀድመኛል፦ «እሱን ተወው፣ ደህና ነው፤ ጠቅ ይላል።» ይህን የሚለኝ የሞተሩ ድምፅ ትንሽ ቢቀየር እንቅልፍ የሚያጣ፣ ዘይቱን በየሳምንቱ የሚለካ ሰው ነው። ልጆቹ የሚታሰሩበትን ቀበቶ ግን መኪናውን ከገዛ ጀምሮ አንድ ቀን እስከ ጫፉ ስቦ አላየውም። ምክንያቱ አይጠፋኝም። ትራፊክ ፖሊስ በመስኮት የሚያየው የሾፌሩን ቀበቶ ነው፤ ስለዚህ ሰው የሚያስጠግነውም የሾፌሩን ነው። ጋራዥ ውስጥ ስሰማቸው የከረምኳቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳ።

«ልጄን እኔው አቅፌ እይዘዋለሁ።»

አይይዙትም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሲጋጭ ውስጡ ያልታሰረ ሰው የሚደርስበት ምት ከሦስተኛ ፎቅ፣ ማለትም ከ10 ሜትር ገደማ፣ ቢወድቅ ከሚደርስበት አይተናነስም። መኪናው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ቆመ ብንል፣ 10 ኪሎ የሚመዝነው ሕፃን በዚያች ቅጽበት ክንድዎ ላይ 140 ኪሎ ይሆናል። አንዳንዶች ብልሃት ያገኙ መስሏቸው አንዱን ቀበቶ ለራሳቸውም ለታቀፉት ልጅም ያስሩታል። ይህ የባሰ ነው፤ የእናትየው ሙሉ ክብደት ልጁን ከቀበቶው ጋር ያጣብቀዋል። በአንቀልባ አዝሎ መቀመጥም ያው ነው፤ ልጁ በእናቱ ጀርባና በወንበሩ መካከል ይጨፈለቃል።

«ከሰፈር አልወጣም።»

50 ኪሎ ሜትር የሰፈር ፍጥነት ነው።

«እሳት ቢነሳ ቀበቶው ይዞ ያስቀረኛል።»

እሳት የሚነሳበት ግጭት ጥቂት ነው። ቢነሳም በር ከፍቶ የሚወጣው ራሱን ያልሳተ ሰው ነው፤ ራስን ከመሳት የሚያድነው ደግሞ ቀበቶው ነው።

«ጠቅ ካለ ይሠራል።»

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ጠቅ የሚለው ድምፅ የብረት ምላሱ መቆለፊያው ውስጥ መግባቱን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ያውም ሁልጊዜ እውነቱን አይናገርም። በቅርቡ ከአንድ የቤት መኪና የኋላ መቆለፊያ ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ ስገለብጠው ቆሎ፣ የብስኩት ፍርፋሪና የጠቆረች አሮጌ አምስት ሳንቲም ወጡ። ሳንቲሟ ምላሱ የሚገባበትን መንገድ እስከ ግማሽ ዘግታዋለች። ከመፍታቴ በፊት ቀበቶው ጥርት አድርጎ ጠቅ ብሎ ነበር፤ ጠንከር አድርጌ ስስበው ግን ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። በዚያ ቦታ የምትቀመጠው የአራት ዓመት ልጅ ናት።

ጥፋቱ የልጆች ብቻም አይደለም፤ ከፋብሪካ የሚመጣ አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ ከ8 ሚሊዮን በላይ መኪኖች፣ አብዛኞቹ የጃፓን ሥሪት፣ በቀበቶ መቆለፊያ ምክንያት ለጥገና ተጠርተዋል። መቆለፊያውን የሠራው ኋላ በኤርባጎቹ (በግጭት ጊዜ በሚነፉት የመከላከያ ከረጢቶች) ስሙ የጎደፈው የጃፓኑ ኩባንያ ታካታ ነው። መፍቻው ቁልፍ የተሠራበት ፕላስቲክ ፀሐይ ሲበዛበት ደርቆ ይሰበር፣ ስብርባሪው ወደ ውስጥ ይገባና መቆለፊያው ወይ በቅጡ አይዝም፣ ወይ አልፈታም ይል ነበር። እነዚያ መኪኖች አርጅተዋል፤ ትምህርቱ ግን አላረጀም። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ላይ በሚቆም መኪና ውስጥ ቀዩ ቁልፍ ነጥቶ ወይም ተሰንጥቆ ካዩት መቆለፊያውን ይቀይሩት።

ሌላው ጥብጣቡ ነው። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ዘወር ባሉ ቁጥር ስለሚያገኙት መኪና ልንገርዎ፤ ስለ ቶዮታ ራቭ ፎር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ቶዮታ በመላው ዓለም 2.87 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ለጥገና ጠራ፤ አብዛኞቹ ከ2005 አጋማሽ እስከ 2014 የተሠሩ ራቭ ፎር ናቸው። ችግሩ የኋላ ወንበር ቀበቶ ነበር። ከፊት ለፊት በሚደርስ ከባድ ግጭት ቀበቶው ከወንበሩ ሥር ካለው የብረት ፍሬም ጋር ሲገናኝ ሊቆረጥ ይችላል። መፍትሔው በብረቱ ላይ የፕላስቲክ ሽፋን ማድረግ ብቻ ነው። እዚህ ደርሰው ያሉት ሲጠሩ ማን ሰማ? ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ሁለተኛ እጅ ሆኖ የመጣ መኪና የጥሪ ደብዳቤው የሚደርሰው ለቀድሞው ባለቤት ነው። እንግዲህ ይህ ቀበቶ በሰላሙ ቀን ጠቅ ይላል፣ ይሳባል፣ ይጠቀለላል፤ ምንም ነገር አይጎድለውም። ስለዚህ የሻንሲ ቁጥርዎን ይዘው ወኪሉን ይጠይቁ። መኪናው ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ከሆነ በአገሪቱ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ባለ 17 ፊደልና አኃዝ ቁጥሩን አስገብተው ያለ ክፍያ ማየት ይችላሉ። ቦሎ ማሳደስ ይህን አይተካም።

ሦስተኛው ከበሩ ጎን ባለው የመኪናው ዓምድ ውስጥ ወይም ከወንበሩ ጀርባ የተደበቀው መጠቅለያ ነው። ግጭት ሲመጣ ጥብጣቡን የሚይዘው እሱ ነው። መኪናው በድንገት ሲቆም የምትንቀሳቀስ ትንሽ የብረት ኳስ ወይም ዘንግ አለችው፤ እሷ ስትንቀሳቀስ ጥርሱ ይነክሳል። በብዙ መኪኖች ጥብጣቡ በፍጥነት ሲሳብም እንዲሁ ይነክሳል። አቧራና የለስላሳ መጠጥ ጥብጣቡን ሲያጣብቁት ወደ ውስጥ መመለስ ያቅተዋል፣ ቀበቶው ልጁ ላይ ላላ ብሎ ይቀራል። የላላ ቀበቶ የሚይዘው ልጁ ተወርውሮ ከሄደ በኋላ ነው።

አራተኛው የሚያናድደኝ ተጋጭቶ የተሠራ መኪና ነው። በብዙ ዘመናዊ መኪኖች የፊት ቀበቶ ላይ፣ በአንዳንዶቹም የኋላው ላይ፣ በግጭት ጊዜ ጥብጣቡን በጥቂት ሺኛ ሰከንዶች ውስጥ ወደ ኋላ ስቦ የሚያጠብቅ ባሩድ ያለበት መሣሪያ አለ። አንድ ጊዜ ከፈነዳ ሥራው አልቋል፤ መቀየር አለበት። ርካሽ ጥገና የሚያደርገው ግን ዳሽቦርድ ላይ የበራውን የኤርባግ መብራት በሬዚስተር፣ ማለትም በአንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ አታልሎ ማጥፋት ነው፤ ከእነጭራሹ አምፖሉን የሚነቅልም አይቻለሁ። አንድ ደንበኛዬ የገዛው መኪና ልክ እንዲህ ነበር፤ ቀለሙ መስተዋት ይመስላል። መክፈቻውን ሲያዞሩ የኤርባግ ምልክት ለጥቂት ሰከንዶች በርቶ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ ዋጋ መደራደርዎን ያቁሙና ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስበው ያውጡት። ቀለበቱ ውስጥ በሚያልፍበትና ምላሱ በሚቀመጥበት ቦታ ጥብጣቡ የቀለጠ መስሎ የሚያብረቀርቅ፣ ሲነኩት የሚሻክር መስመር ካለው ያ ቀበቶ የሰው ክብደት ይዞ ያውቃል።

እንግዲህ «ጠቅ» ከሚለው በተጨማሪ ምን ይታይ? እያንዳንዱን ቀበቶ፣ የኋላውን መካከለኛ ጨምሮ፣ በቀስታ እስከ ጫፉ ይሳቡት፤ የተበላ ጠርዝ፣ የሲጋራ ቃጠሎ፣ የተተለተለ ክር ይፈልጉ። ይልቀቁትና ራሱ ተጠቅልሎ ይግባ። ይቆልፉት፣ በኃይል ይሳቡት፣ ቁልፉን ሲጫኑት ወዲያው ይተፋው። ከዚያ ሰው በሌለበት ሜዳ ቀስ ብለው እየሄዱ ፍሬን ይያዙ፤ የኋላው ተሳፋሪ ቀበቶው ሲነክስ ሊሰማው ይገባል። ለማጽዳት ለብ ያለ ውኃና ቀላል ሳሙና ይበቃል። በረኪና ክሩን ያዳክመዋል፤ መቆለፊያ ውስጥ ዘይት ማፍሰስም አቧራ መሰብሰብ ነው። የተቆረጠ ጥብጣብ ጫማ ሰፊ ጋ ወስዶ ማሰፋትማ የማይታሰብ ነው፤ ሲደረግ ግን አይቻለሁ።

«የእኔ መኪና ከኋላ መቆለፊያ የለውም።»

አለው። የወንበሩ ልብስ ሥር ነው። አዲስ ልብስ ሲሰፋ ለመቆለፊያው ቀዳዳ ማውጣት ጊዜ ይፈጃል፤ ስለዚህ ሰፊው ወደ ታች ወትፎ ይሸፍነዋል፣ ባለቤቱም ወንበሩ ስላማረ ደስ ብሎት ይሄዳል። ልብስ ሲያሰፉ ሁሉም መቆለፊያ ከላይ ካልታየ ገንዘብ አይክፈሉ። እውነት ጠፍቶ ከሆነ መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሲሄዱ የራስዎን ሞዴል ይፈልጉ። የሌላ መኪና ምላስ ገብቶ ጠቅ ስላለ ይገጥማል ማለት አይደለም፤ ይኸው ደግሞ ወደዚያው «ጠቅ» ተመለስን።

«ቀበቶው ተበላሽቷል፤ ወደ ውስጥ ብቻ ይገባል እንጂ አይወጣም።»

ይህ ሲመጣ እስቃለሁ፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ መኪኖች የተሳፋሪ ቀበቶ እስከ መጨረሻው ተስቦ ሲለቀቅ «ቀጭ ቀጭ» እያለ ይጠቀለላል፣ መልሶም አይላላም። የልጅ መቀመጫ ጠብቆ እንዲታሰር ታስቦ የተሠራ ነው። ሙሉ በሙሉ ተጠቅልሎ ሲገባ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ግን ልጆች ጥብጣቡን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ሲጫወቱ ይኸው ቁልፍ ማነቂያ ይሆናል፤ ልጅዎ የሚደርስበትን ትርፍ ቀበቶ ቆልፈው ያስቀምጡት።

«አድጓል፤ እንደ ትልቅ ሰው ይታሰር።»

ቀበቶ የሚያውቀው ቁመት እንጂ ዕድሜ አይደለም። ወደ 145 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ድረስ ልጅ ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ ያስፈልገዋል። ያለዚያ የላይኛው ጥብጣብ አንገቱ ላይ ሲያርፍ ይቆረቁረዋል፣ እሱም ከጀርባው ያሳልፈዋል፤ የታችኛው ደግሞ ዳሌው አጥንት ላይ መሆኑ ቀርቶ ሆዱ ላይ ይወጣል። በግጭት ጊዜ ጉዳቱ አንጀትና አከርካሪ ላይ ነው። ጀርባው ወንበሩን ነክቶ ጉልበቱ በወንበሩ ጠርዝ ላይ ካልታጠፈ ገና ነው።

«ጀርባውን ለመንገዱ በሚሰጥ የልጅ መቀመጫ ያለ ሕፃን፣ ፊት ወንበር ላይ ባደርገው ይታየኛል።»

ኤርባግ ባለበት ወንበር ፈጽሞ አያስቀምጡት። ኤርባጉ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወጥቶ የሚመታው የሕፃኑን ጭንቅላት የደገፈውን መቀመጫ ነው።

«የልጅ መቀመጫው ከአሜሪካ የመጣ ነው።»

እሰየው፤ ዘመድ ይክበር። ጥሩ መቀመጫ በትክክል ከታሰረ የጨቅላ ሕፃናትን ሞት 71 በመቶ ይቀንሳል። ግን የልደት ስጦታ የሆነው መቀመጫ ሦስት ልጅ አሳድጎ ሻንጣ ውስጥ የገባ ሊሆን ይችላል። ገልብጠው ጀርባውን ያንብቡ፤ የተሠራበት ቀን፣ ብዙ ጊዜም የሚያበቃበት ዓመት ታትሞበታል። ከታሰረ በኋላ በቀበቶው መግቢያ በኩል ይዘው ሲነቀንቁት ከ2 ተኩል ሴንቲ ሜትር በላይ መንቀሳቀስ የለበትም። ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልሎ ማሰር ደግሞ በዋሽንግተን ብርድም በአዲስ አበባ ክረምትም አንድ ነው፤ ጋቢው በግጭት ሲጨፈለቅ ማሰሪያው ላልቶ ይቀራል። ልጁን በስስ ልብስ ይሰሩትና ጋቢውን ከላይ ያልብሱት። መቀመጫው ከባድ ግጭት ውስጥ ከነበረ ስንጥቅ ባይታይበትም ለጎረቤት አይስጡት፤ ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳይጠቀምበት ማሰሪያዎቹን በመቀስ ቆርጠው ይጣሉት።