«ዳኛው የት አለ?» እና ሌሎች ስለ ፍሪስቢ የሚነገሩ ስህተቶች

የባሕር ዳር፣ የደብረ ማርቆስና የፍኖተ ሰላም አማተር ቡድኖች ለወዳጅነት ውድድር በተገናኘን ቁጥር ከሜዳው ዳር ያው ወሬ ይሰማል። አልቲሜት ፍሪስቢ ሁለት ቡድኖች ዲስክ የሚባል ሳህን መሳይ ፕላስቲክ በእጅ እየተወራወሩ የሚጫወቱት ነው፤ አይቶት የማያውቅ ሰው ቢጠይቀኝ ደስ ይለኛል። የሚያናድደኝ ሳይጠይቅ የሚፈርደው ነው። አሰልጣኝ ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

«የልጆች መጫወቻ ነው» ይላሉ። ሜዳው 100 ሜትር በ37 ሜትር ነው። በአንድ ወገን ሰባት ሰው ይሰለፋል። ዲስኩን የያዘው መሮጥ አይፈቀድለትም፤ ተከላካዩ 10 ቆጥሮ ሳይጨርስ መወርወር አለበት። ስለዚህ የቀሩት ስድስቱ ክፍት ቦታ ፍለጋ ይሮጣሉ። ነጥብ የሚገኘው በተጋጣሚ ጫፍ ባለው የ18 ሜትር ክልል ውስጥ ዲስኩን በመቅለብ ነው። ይህን ሁሉ ሮጦ ያየ ሰው የልጆች ነው አይልም።

«የትናንት ፋሽን ነው» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጀመሩት። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ለስፖርቱ ፌዴሬሽን ሙሉ እውቅና ሰጠ።

«ሴትና ወንድ አንድ ላይ አይሆንም።» ይሆናል። በድብልቅ ጨዋታ ሁለቱም ቡድኖች ከአንዱ ጾታ አራት፣ ከሌላው ሦስት አድርገው ይሰለፋሉ።

«ጉልበት ያለው ያሸንፋል» የሚለው ስልጠናዬን ያበላሽብኛል። አዲስ ልጅ ሁሉ በትከሻው ሊወረውር ይፈልጋል፤ ዲስኩም ተገልብጦ ይወድቃል። 175 ግራም የሚመዝነውን ዲስክ ቀጥ አድርጎ የሚያስኬደው ሽክርክሪቱ ነው፤ ሽክርክሪቱ ደግሞ ከእጅ አንጓ ይመጣል። ክርንህን ወደ ጎንህ አስጠጋ፤ አንጓህን በፍጥነት አርግፍ። ባሕር ዳር ከሰዓት በኋላ ከጣና ንፋስ ሲነሳ ወደ ንፋሱ የምትወረውረውን ዝቅ አድርገው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ዲስኩን የሚደግፈው ኃይል ይቀንሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ ቡድን አንድ ሰዓት ቀድሞ ደርሶ ይወርውር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ዳኛው የት አለ? ዳኛ የሌለው ጨዋታ መጨረሻው ድብድብ ነው።»

ዳኛ የለም። ዳኞቹ ተጫዋቾቹ ናቸው። ሕጉ የተጻፈው እንደዚያ ሆኖ ነው እንጂ ለዳኛ የሚከፈል ጠፍቶ አይደለም። የተገፋው ራሱ «ፋውል» ይላል፤ ሁሉም ባለበት ይቆማል። ሊቀልብ ሲል የተገፋ ከሆነና ተከላካዩ ካመነ ዲስኩ ለተገፋው ይሰጣል። ካላመነና መስማማት ካልቻሉ ዲስኩ ወደ ወርዋሪው ይመለሳል፤ ጨዋታው ይቀጥላል። ነገሩ ከከረረ አምበሎቹ ጨዋታውን አስቁመው ሁለቱን ቡድኖች በአንድ ክብ ያሰባስባሉ።

ይህ ለጎጃም ሰው እንዴት እንግዳ ይሆናል? ገና ስንጫወት ማን ፊሽካ ነፋልን? «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እያልን አይደል ያደግነው?

ደብረ ማርቆስ ላይ ያየሁትን ልናገር። ሁለቱ ቡድኖች እኩል ናቸው፤ የቀረው አንድ ነጥብ ነው። አንዲት ልጅ ዘላ ቀለበች፤ ቡድኗ ጮኸ፣ ተመልካቹም አጨበጨበ። ተከላካይዋ ርቃ ስለነበር ምንም አላየችም። ልጅቷ እግሯን አነሳችና የጫማዋን ሶል አየች። የመስመሩ ኖራ ነጭ ሆኖ ተለጥፎበታል። የጎን መስመር የረገጠ እንደወጣ ይቆጠራል። «ውጪ ነኝ» ብላ ዲስኩን መሬት ላይ አስቀመጠች። ያቺን ነጥብ ተጋጣሚ ወሰዳት፤ ጨዋታውንም አሸነፈ። ዳኛ ቢኖር ኖሮ ያንን ኖራ አያየውም ነበር።

አልዋሽም፣ ጭቅጭቅ ይኖራል። ብዙውን ጊዜ የሚያመጣው ግን ሕጉን ሳያነብ ከእግር ኳስ የመጣ ተጫዋች ነው። ዳኛን ማታለል ለምዷል፤ እዚህ የሚታለል ዳኛ የለም። ስለዚህ ወደ ውድድር የምትመጡ ልጆች፣ ሕጉን አንብቡ። ፋውል ስትጠሩ ያያችሁትን ብቻ በዝግታ ተናገሩ። የተመልካችን ጩኸት ምስክር አታድርጉ። ከጨዋታው በኋላ እያንዳንዱ ቡድን ተጋጣሚውን በአምስት ጥያቄ ይመዝናል፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጣል። ሕግ ማወቅ፣ አካላዊ ንክኪ፣ ሚዛናዊነት፣ ራስን መቆጣጠርና አነጋገር ናቸው። በእኛ ውድድር በዚህ አንደኛ የወጣው ቡድንም ይሸለማል፤ እኔ ልጆቼን በመጀመሪያ የምጠይቃቸው ይህንን ውጤት ነው።

«ዕቃው ውድ ነው» ለሚሉም፦ አንድ ዲስክ ለሁለት ቡድን ይበቃል። የግብ ብረት አያስፈልግም። ኮን ከሌለ ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ማዕዘኖቹ ላይ አቁሙና ጀምሩ።