የአንድ ራፕ ቡድን «ሳውንድ» ምንድን ነው?

«አውትካስት ከሦስተኛው አልበም በኋላ ሳውንዱን ለገበያ ሸጠ።» ስለ አሜሪካው፣ የአትላንታው ራፕ ቡድን የሚባለውን ይህን አባባል ማንበብ ሰልችቶኛል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ማስረጃ አለኝ ብሎ የዘፈኖቹን ጉዳይ ደረደረ። በፊት ስለ መኪናና ስለ ሰፈር ይሉ ነበር፤ ኋላ ስለ ፍቅር ማለት ጀመሩ፤ ስለዚህ ሳውንዳቸው ተቀየረ። ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ግጥም ነው!

ሳውንድ ማለት እንግሊዝኛውን ጭራሽ የማያውቅ ሰው የሚሰማው ነገር ነው። ድራሙ ደረቅ ነው ወይስ ያስተጋባል? ቤዙን ሰው ተጫወተው ወይስ ከማሽን ወጣ? በመሣሪያዎቹ መካከል ምን ያህል ባዶ ቦታ አለ? የራፐሩ ድምፅ ከፊት ቆሟል ወይስ ቢቱ (ከሥሩ የሚሄደው ሙዚቃ) ውስጥ ገብቷል? ይህን ሁሉ በአብዛኛው የሚወስኑት አቀናባሪውና ሚክስ የሚያደርገው፣ ማለትም ድምፆቹን የሚያመጣጥነው ሰው ናቸው። የቡድኑ ሳውንድ ለምን ተቀየረ የሚል ሰው መጀመሪያ «ማን አቀናበረው?» ብሎ ይጠይቅ።

እንደ ልብስ አስቡት። በ1994 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የመጀመሪያው አልበም ሲወጣ ሁለቱ የቡድኑ ራፐሮች፣ አንድሬና ቢግ ቦይ፣ ገና ልጆች ናቸው። ልብሱን ሙሉ በሙሉ የሰፋላቸው ኦርጋናይዝድ ኖይዝ የሚባለው የአትላንታ አቀናባሪዎች ቡድን ነው፤ ሪኮ ዌድ፣ ሬይ መሪና ስሊፒ ብራውን። ሥራው የተጀመረው በሪኮ እናት ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው። ጊታሩም ቤዙም በሰው እጅ የተመታ፣ ወፍራምና ሞቅ ያለ ድምፅ ነው። ልኩ የልጆቹ ነው፤ ስፌቱ ግን የሌላ ሰው።

በ1996 ሁለተኛው አልበም «ኤይቲኤሊየንስ» መጣ። እዚህ ላይ የሚነገረው ታሪክ ይታወቃል። በ1995 ኒው ዮርክ ላይ ሶርስ በተባለው የሂፕሆፕ መጽሔት ሽልማት መድረክ ታዳሚው ጮኸባቸው። አንድሬም የአሜሪካ ደቡብ የሚናገረው ነገር አለው ብሎ ወረደ። ከዚያ አዘኑ፣ ሙዚቃቸውም ቀዝቃዛና የሚያስተጋባ ሆነ ይባላል። ስሜቱን አልክድም። ኢኮ ግን ከስድብ አይወጣም፤ ከመሣሪያ ነው የሚወጣው። ከመጀመሪያው አልበም ስኬት በኋላ የራሳቸውን ዕቃ ገዙ፣ ማቀናበርም ተማሩ። ማለትም ሲንጀሩን ቤታቸው አስገቡ። ከፊሉን አሁንም ኦርጋናይዝድ ኖይዝ ሰፋ፣ ከፊሉን ራሳቸው። «ኤሌቬተርስ» የሚለው ዘፈን የራሳቸው ስፌት ነው። ብዙ ነገር አልደረቡበትም፤ ቦታው ክፍት ነው፣ ማስተጋባቱ ረጅም ነው። አዲስ ልብስ ሰፊ ቀለል ያለ ልብስ ይሰፋል፤ እነሱ ደግሞ ያንን ቀላልነት ውበት አደረጉት።

በስልክ ስፒከር የሰማችሁት ከሆነ ግን ቤዙን በደንብ አልሰማችሁትምና አትፍረዱ። ደግሞ ሁለት አልበም ስታወዳድሩ የድምፁን ከፍታ እኩል አድርጉ። ጮክ ያለው ሁሌም የተሻለ ይመስላል፤ በዚህ የሚሸወዱ ባለሙያዎችም አሉ።

በ1998 በሦስተኛው አልበም «አኩዌመናይ» ላይ አብዛኛውን ራሳቸው አቀናበሩ። አሁን ጥልፍ የሚያውቁ ሰዎችን ይጠራሉ። «ሮዛ ፓርክስ» ላይ ሐርሞኒካ ይገባል። «ስፖቲኦቲዶፓሊሸስ» ከሰባት ደቂቃ በላይ በጥሩምባዎች ይንሸራሸራል። እዚህ ጋ ሌላው የሚያናድደኝ አባባል ይመጣል፤ «ከማሽን ወደ እውነተኛ መሣሪያ አደጉ» የሚለው። የመጀመሪያው አልበም እኮ በእውነተኛ መሣሪያ የተሞላ ነበር! የሳውንድ ለውጥን እንደ ክፍል ማለፍ ማየት አይሠራም። ትቶት የሄደውን ነገር ከሁለት አልበም በኋላ በሌላ እጅ የሚያነሳ ቡድን ብዙ ነው።

ከዚያ ስቱዲዮ ገዙ፤ ቀድሞ የዘፋኙ የቦቢ ብራውን የነበረውን። ስሙን ስታንኮኒያ አሉት፣ የ2000 አልበማቸውንም እንዲሁ። ሱቁ የራስህ ሲሆን በሰዓት የሚቆጥርብህ የለም፤ ጨርቅ ቀደህ መሞከር ትችላለህ። የዚያ አልበም ዘፈን «ቢ.ኦ.ቢ.» ይሄ ነው። ጊታር፣ ኦርጋን፣ የሞሪስ ብራውን ኮሌጅ መዘምራን፣ በደቂቃ 155 ገደማ ምት። (ቁጥሩን ብቻ ይዛችሁ ግን አትሩጡ። ብዙ የራፕ ቢት እንደ አቆጣጠሩ 75ም 150ም ሊባል ይችላል። የዚህን ፍጥነት የሚያሳየው የድራሙ ሩጫ ነው።) ለገበያ የሚሸጥ ሰው ይህን ይሰፋል? ሬዲዮኖች ለማጫወት የተቸገሩበት ዘፈን ነው።

በ2003 የወጣው ጥንድ አልበም ላይ እያንዳንዱ በየቤቱ ሰፋ፤ ቢግ ቦይ «ስፒከርቦክስ»ን፣ አንድሬ «ዘ ላቭ ቢሎው»ን። በ2004 የዓመቱ ምርጥ አልበም የግራሚ ሽልማት ወሰደ። ከአንድሬ ዲስክ «ሄይ ያ!» ለጭፈራ የቀለለ ይመስላል። ቁጠሩት እስቲ፤ ከሦስት ባለ አራት ምት ባሮች (ባር ማለት አንድ የምት ስብስብ ነው) በኋላ ባለ ሁለት ምት አንዲት ባር ትገባለች። ጣታችሁ ይሳሳታል።

ያ አስተያየት ሰጪ መጨረሻ ላይ «ቢግ ቦይ የድሮውን ይዞ ቀረ፣ አንድሬ ከዳ» ይላል። ታዲያ በቢግ ቦይ ዲስክ መግቢያውን ተከትሎ የሚመጣው፣ የሚሮጠው፣ ከሁሉም ይልቅ ከድሮው የራቀው «ጌቶ ሙዚክ» የማን ቅንብር ነው? የአንድሬ። በዚያው ዲስክ ላይ «ዘ ዌይ ዩ ሙቭ» ውስጥ አዝማቹን የሚዘፍነውስ? ስሊፒ ብራውን፣ በ1994 የመጀመሪያውን ልብስ ከሰፉት ሦስት ሰዎች አንዱ።